ውሃ የፈራው ውሻ

ያሳለፍነው ክረምት መግቢያ ላይ የልጅ ልጄ ናሆም ማድ ቤት አልገባም ብሎ አመፀ። አምስት ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ከማድ ቤት የሚያስወጣው ጠፍቶ ነበር፤ ፍሪጁን በቀን አርባ ጊዜ እየከፈተ ሙዝ ይፈልጋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን እሪ ብሎ ወጣና ጠረጴዛ ሥር ገባ። ምን ሆንክ ሲሉት "እዚያ ያ ነገር አለ" ይላል እንጂ ያ ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን እንደገና እንዲሁ ሆነ። ልጄ የቴሌቪዥን ጣጣ ነው አለች። ባለቤቴ ጠበል ይወሰድ አለች። እኔ የቤቱ ሽማግሌ ደግሞ ነጠላ ጫማዬን እየጎተትኩ ገባሁና ፍሪጁን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ምድጃውን ዳበስኩ፣ "ይኸው! ታያለህ? ምንም የለም!" ብዬ ሳቅሁበት።

ልጁ ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ አየኝ። አላለቀሰም፤ ዝም ብሎ አየኝ። ያን ዓይነት አስተያየት አውቀዋለሁ። "ምንም የለም" የሚለውንም ቃል በዚሁ ድምፅ፣ በዚሁ እርግጠኝነት፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ብዬዋለሁ። ሻዬን ይዤ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ዝናቡ መጣሁ መጣሁ ይላል፣ ሻዩም እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ታጋዮች አዲስ አበባ ከገቡ ሦስት አራት ዓመት ቢሆን ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ መርካቶ ምን አለሽ ተራ፣ ጋሽ ሽኩር ግቢ ውስጥ በያጅ ነበርኩ። ምን አለሽ ተራን የማያውቅ ካለ፣ እዚያ የሚጣል ነገር የለም። የነዳጅ በርሜል ተሰንጥቆ የከሰል ምድጃ ይሆናል፣ የዘይት ቆርቆሮ ኩራዝ ይሆናል፣ ያለቀለት የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ እንደገና መንገድ ይጀምራል። ከጠዋት እስከ ማታ መዶሻ ነው። እኔ ያደግሁት በዚያ ድምፅ ስለሆነ ዛሬም ፀጥታ ሲበዛ ጆሮዬን ያመኛል። በያጅነቴ ደግሞ ልታይ ልታይ የምል ነበርኩ። እጄ ጥሩ ነበር፣ አፌ ከእጄ ይቀድም ነበር፤ የግቢው ሳቅ ካለእኔ አይጀመርም።

የግቢው ባለቤት ጋሽ ሽኩር የስልጤ ሰው ነው። በልጅነቱ ሸክም ተሸክሞ የጀመረ፣ አሁን ምድጃና ሳንዱቅ ለክፍለ አገር ነጋዴ በጅምላ የሚያስረክብ። ሰው የሚመዝነው በሁለት ነገር ነበር፤ በእጁ ሥራና በአማናው። የእጅህ ሥራ ቢበላሽ ያስተምርሃል። አደራ ብትበላ ግን በዚያኑ ቀን ከግቢ ትወጣለህ፣ እጀ አመለኛ የሚለው ስም ደግሞ ከአንተ ቀድሞ ከተራ ተራ ይዞራል። ለመስከረም አብነት አካባቢ ሁለተኛ ግቢ ሊከፍት አስቦ "ቁልፉን ለአንተ ነው የምሰጥህ ተሻለ" ብሎኝ ነበር። ቁልፉን ገና ሳልቀበል በሐሳቤ ወገቤ ላይ አንጠልጥዬው እሄድ ነበር።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሁለተኛ የብየዳ ማሽን ገባልን። ጋሽ ሽኩር አዲስ ኬብል ገዝቼ፣ በሩ አጠገብ ካለው ቆጣሪ በአጥሩ በኩል እስከ ጓሮ እንድዘረጋ ገንዘብ ሰጠኝ። ሱቅ ድረስ አልሄድኩም። ከበራችን ሠላሳ እርምጃ ርቀት ላይ ከፈረሰ ፋብሪካ የተነቀለ አሮጌ ሽቦ ይሸጥ ነበር። ቆዳው የተሰነጣጠቀ፣ አምስት ቦታ መቀጠል የሚፈልግ። እሱን ገዛሁ። በተረፈው ገንዘብ ለወራት ምራቄን ስውጥበት የነበረውን ወፍራም የጎማ ሶል ያለው ቡትስ ገዛሁ። የሽቦ መጠቅለያው ናስትሮ ለሁለቱ ቅጥያ ብቻ በቃኝ፤ ሦስቱን በፌስታል ጠቅልዬ በክር አሰርኩ። አንደኛው ቅጥያ ከበሩ የብረት ምሰሶ ኋላ ገባ። ማን ያየዋል? ጋሽ ሽኩር "አዲስ ነው አይደል?" ሲለኝ "አዲስ ነው ጋሼ" አልኩ። ቡትሱ እግሬ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ውሻው ልምጣ። ስሙ መክት ይባላል፤ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው ጫፉ የተቆረጠ። ቡችላ ሆኖ በርሜል ውስጥ ተጥሎ ያገኙት የግቢው ዘበኛ አባባ ሰይድ ናቸው። አባባ ሰይድ ከወሎ የመጡ፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሽማግሌ ነበሩ። በሩ ጥግ ባለች የቆርቆሮ ጎጆ ያድራሉ። ከመክት በቀር የሚያናግሩት ዘመድ ከተማው ውስጥ አልነበራቸውም፤ ሆኖም ውሻውን በእጃቸው አይነኩትም። ሲያሻሹት በረጅም ዱላቸው ጫፍ ነው። እሱም ጀርባውን እየሰጠ ዓይኑን ጨፍኖ ይታሻል። ሲያጉረመርም ወይም ሲከፋው "አብሽር መክት፣ አብሽር" ይሉታል፤ አይዞህ ማለት ነው በወሎ።

አንድ ቀን ሲበሉ መክት ድንገት መጥቶ እጃቸውን ላሰ። ተነሥተው ወደ ውሃው በርሜል ሄዱና በፕላስቲክ ጆግ እየቀዱ፣ ድምፅ እያወጡ ቆጥረው፣ ሃይማኖታቸው እንደሚያዘው ሰባት ጊዜ ታጠቡ። አንዱን ጊዜ በአፈር አሹት። እኔ ለነገር የማልተኛ ነኝና "አባባ፣ ይህን ያህል ከሚያለፋዎት ለምን አያባርሩትም?" አልኳቸው።

"ምራቁን እጠብ ተባልኩ እንጂ ጥላው ተባልኩ እንዴ?" አሉኝ። ቀጥለውም የተረፈውን ሽሮ በቆርቆሮ ክዳን አድርገው በዱላቸው ወደ እሱ ገፉለት።

መክት ደፋር ነበር። ከወንዙ በኩል የመጣ ጅብ አጥሩን ሲቧጥጥ ፊት ለፊት ገትሮ አቁሞታል። ሁለት ሌባ ከአጥር አውርዷል፤ የአንደኛው ሱሪ ግማሹ ለሳምንት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ስንስቅበት ከረምን። በዚያ ክረምት መግቢያ ላይ እንግዲህ ይህ ውሻ ቀበጠ። ሰኔ አጋማሽ፣ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረ ጠዋት፣ በሩ አጠገብ ካለው ውሃ መቅጃ ቦታ ቆሞ ሳለ ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳይቆጣው፣ በአራት እግሩ አየር ላይ ወጣ። የጮኸው ጩኸት የውሻ አይመስልም። ጭራውን ሆዱ ሥር ወሽቆ የበርሜል ክምር ውስጥ ገባና እስከ ምሳ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ሁላችንም ቦታውን አየን። በርሜሉ አለ፣ ከሥሩ ጭቃ እንዳይሆን እስከ በሩ ምሰሶ የተነጠፈው ትልቅ ላሜራ አለ፣ ሌላ ነገር የለም።

ከሁለት ቀን በኋላ ደገመው። ከዚያ በሳምንት ሦስቴ። አንዳንዴ ዝናብ ያባራ ዕለት ላሜራውን ተሻግሮ ምንም ሳይሆን ይሄድና በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ ነፍሱ ልትወጣ ትደርሳለች። ያልተባለ ነገር አልነበረም። ዛር ነው ያለ አለ። ሰይጣን አይቶ ነው፣ ውሻ እኛ የማናየውን ያያል ያለ አለ። የሱሪው ባለቤት ሌባ መድኃኒት አስደርጎበት ነው ያለም ነበር። ሃምሳለቃ የምንለው፣ ከድሮው ጦር ተበትኖ የመጣ ቀጥቃጭ ባልደረባችን ደግሞ "ፈሪ ሆኖ ነው፣ በግንባር ስንቱን አይቻለሁ፣ አንዴ ከፈራ አይመለስም" ይል ነበር።

እኛ ሥራ ፈቶቹ ጨዋታ አደረግነው። በዚህ ላይ ሳልደብቅ ልናገር፣ ጀማሪው እኔ ነኝ። ከሉካንዳ አጥንት እናመጣና ላሜራው መሐል እንጥለዋለን። መክት ምራቁ እየወረደ ጠርዙ ላይ ይቆማል፣ አንድ እግሩን ያነሣል፣ ይመልሳል፣ እንደገና ያነሣል። ረሃቡ ሲያሸንፈው ይገባል። ከዚያ ጩኸቱ፣ ዝላዩ፣ እኛም ሆዳችንን ይዘን መሬት ላይ። እኔ በቡትሴ ላሜራው ላይ እየረገጥኩ፣ ኋላዬን ወደ ውስጥ ወሽቄ እሱን አስመስዬ እጨፍራለሁ። ከጭድ ተራ ሳይቀር ሰው እየመጣ ያይ ነበር። አባባ ሰይድ ከጎጇቸው ወጥተው "ተው እንጂ ልጆች፣ ነፍስ ያለው ነገር ነው" ይላሉ፤ ማን ሰምቷቸው? አጥንቱን በዱላቸው ስበው አውጥተው በርሜል ክምር ውስጥ ላለው ውሻ ያደርሱለታል።

ሐምሌ ላይ ነገሩ ከጨዋታ አለፈ። መክት በሩ አጠገብ ከተቀመጠለት ጣሳ ውሃ መጠጣት ተወ። ጣሳውን ሲያይ ያፈገፍጋል፣ ውሃ ሲረጭበት ይጮኻል፣ ኩሬ ሲያይ ዞሮ ይሄዳል። አገር የሚያውቀው ነገር አለ፤ ያበደ ውሻ ውሃ ይፈራል። አንድ ቀን ሃምሳለቃ መዶሻውን አስቀምጦ ይህንኑ ተናገረ። የዚያን ቀን ማንም አልሳቀም። ከዚያ ወዲያ ሰው መክትን ሲያይ መንገድ ይለውጥ ጀመር።

"ማታ እኮ ይጠጣል" ይሉ ነበር አባባ ሰይድ። "ወላሂ፣ ጎጆዬ ደጃፍ ላይ ጣሳ ሙሉ ይጠጣል።" ማታ ግቢው ውስጥ ከእሳቸው በቀር ሰው የለም፤ ስለዚህ ማንም አላመናቸውም። ውሻቸው ነው፣ ይወዱታል፣ ይዋሹለታል ተባለ።

ሽማግሌው ግን ተስፋ አልቆረጡም። ሌላው ስለ ዛርና ስለ ሰይጣን ሲከራከር እሳቸው ዝም ብለው ውሻውን ያዩ ነበር። አንድ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ጠሩኝና ከጎናቸው ሳጥን ላይ አስቀመጡኝ። በሶ በጥብጠው ሰጡኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ያገኙትን ነገሩኝ።

"ልጄ ተሻለ፣ እኔ አልተማርኩም፣ አንተ የመብራት ነገር ታውቃለህ። መክት እሁድ አይታመምም፤ እሁድ ሥራ የለም። ማታ አይታመምም። ምሳ ሰዓት፣ ማሽኑን ከቆጣሪው ስታጠፉ፣ አይታመምም። ትናንትና ከትናንት ወዲያ ቀኑን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ዋለ አይደል? ዝናቡ ደግሞ ሲወርድ ነው የዋለው። እዚያው ላሜራ ላይ ተኝቶ ዋለ! ይኸ ውሻ ሰይጣን አላየም። መብራት ነው የያዘው። የበሩን ሽቦ እየው እስቲ፣ በአላህ።"

ገና ሳይጨርሱ ሁሉም ነገር ገባኝ። ፌስታሉ፣ ምሰሶው፣ ላሜራው፣ ዝናቡ። ሰው ሁሉ ያልተሰማው ለምን እንደሆነም ገባኝ። ሠራተኛው ሁሉ በረባሶ ወይም ቡትስ ተጫሚ ነው፤ እሳቸው የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ያደርጋሉ፣ ለሶላት ሲታጠቡም በምሳ ሰዓት ጎጇቸው ደጃፍ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ነው። ከግቢው ሁሉ ባዶ እግሩን የሚሄድ መክት ብቻ ነው። "እሺ አባባ፣ አየዋለሁ" አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ሲነሣ፣ ሌሎቹ ጓሮ ሳሉ፣ ውሃ የምቀዳ መስዬ ወደ በርሜሉ ሄድኩ። ቡትሴን ፈታሁ፣ ካልሲዬን አወለቅሁ፣ እርጥቡን ላሜራ በእግሬ ጣት ጫፍ ነካሁ። እስከ ጉልበቴ ድረስ መታኝ። አጥንቴ ውስጥ ሰው መዶሻ ያሳረፈ ያህል ነበር። ጥርሴን ነክሼ ጩኸቴን ዋጥኩና ቡትሴን መልሼ አጠለቅሁ። በበርሜሉ ክምር ውስጥ መክት ተኝቶ ያየኝ ነበር።

ያን ጊዜ ሄጄ ለጋሽ ሽኩር መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። "ሽቦው አሮጌ ነው" ካልኩ "አዲስ ነው አላልከኝም ወይ?" ይመጣል፣ ከዚያ ቡትሱ ይመጣል፣ ከዚያ የአብነቱ ቁልፍ ይሄዳል። ለራሴ ጥሩ ምክንያት ሠራሁለት፤ እሁድ ግቢው ባዶ ሲሆን ሽቦውን በድብቅ እቀይረዋለሁ፣ ማንም አይጎዳም፣ ለመክትም ሁለት ቀን ምን አላት? ዓርብ ዕለት ልጆቹ እንደገና አጥንት ጣሉ። ምን እንደሚይዘው እያወቅሁ ቆሜ አየሁ። ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅሁትም እኔ ነኝ፤ ካልሳቅሁ የሚነቃብኝ መስሎኝ።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ረፋዱ ላይ አንዲት ደንበኛ ትንሽ ልጇን ይዛ ምድጃ ልትገዛ መጣች። መክት በበሩ ሲገባ ላሜራው ያዘው፤ እየጮኸ ሲሮጥ ልጁን ገፍትሮ ጣለው። አልነከሰውም፤ ሴትየዋ ግን አገር ይያዝልኝ አለች። ሰው ተሰበሰበ። ጋሽ ሽኩር ከቢሮው ወጣ። "ይህ ውሻ አብዷል ወይስ አላበደም? ዛሬ ይለይ" አለ። ሃምሳለቃ ውሃ ይቅረብለት አለ። ጣሳው ተሞልቶ ላሜራው መሐል ተቀመጠ። ውሻው በገመድ ተይዞ ይቀርባል፤ ከጠጣ ደህና ነው፣ ከፈራ ያው ነው።

አባባ ሰይድ ሰውን ሰንጥቀው ገቡ። "ሽኩር፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ውሻው አላበደም! መብራት ነው! ተሻለን ጠይቀው፤ ሽቦውን እንዲያይ ነግሬዋለሁ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጋሽ ሽኩር "አየኸው?" አለኝ።

"አይቼዋለሁ ጋሼ" አልኩ። በቡትሴ ላሜራው ላይ ወጣሁና ሁለቴ ረገጥኩት። "ይኸው፣ ምንም የለም።"

አባባ ሰይድ አዩኝ። ዝም ብለው አዩኝ። ያመኑኝ ይመስለኛል። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው፤ ለአንድ አፍታ ካዩት ይልቅ እኔን አምነው "እንግዲያ ምን ይሆን?" ብለው ወደ ውሻቸው ዞሩ።

ገመዱን እንድይዝ ለእኔ ተሰጠኝ። ጎተትኩት። መክት በአራቱም እግሩ ጭቃውን እያረሰ፣ አንገቱን ወደ ኋላ እየሳበ መጣ። ጉልበተኛ ነበርኩ። የፊት እግሮቹ ላሜራውን ሲነኩ ያ ጩኸት ወጣ፤ ጣሳው ተገለበጠ፣ ውሃው በሙሉ ላሜራው ላይ ፈሰሰ፣ ባሰበት። "ይኸው ውሃ ፈራ!" አለ ሰው። እኔ ገመዱን አልለቀቅሁም። አባባ ሰይድ ዱላቸውን ጣሉት። በዱላ እንጂ ነክተውት የማያውቁትን ውሻ በሁለት እጃቸው አቀፉትና "አብሽር፣ አብሽር መክት" እያሉ ከላሜራው ሊያነሱት ታገሉ። በዚያ ሥቃይ ውስጥ ማን ማንን ያውቃል? የእጃቸውን አንጓ ነከሳቸው።

ከዚያ በኋላ የሚያከራክር ነገር አልቀረም። ሃምሳለቃ ፌሮ ይዞ መጣ። ሁለቴ መታው። ገመዱ እጄ ውስጥ ሲላላ ተሰማኝ። ሰው ከተበተነ በኋላ አባባ ሰይድ በርሜሉ ጋ ቆመው፣ ደማቸው ከውሃው ጋር እየወረደ፣ ድምፅ እያወጡ እስከ ሰባት ቆጥረው እጃቸውን ታጠቡ። ሬሳውን የቆሻሻ ጋሪ ወሰደው።

ጤና ጣቢያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ፤ ጋሽ ሽኩር አንተ ሂድ አለኝ። ነርሷ "ውሻው የታለ?" አለች። ሞቷል አልናት። "ማን ግደሉት አላችሁ? አሥር ቀን ታስሮ ቢታይ ይታወቅ ነበር" አለችና ተቆጣች። አሁን ግን ምርጫ የለም፤ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ መርፌ፣ ያውም ሆድ ላይ። በማግስቱ መጀመሪያውን መርፌ አስወጋኋቸውና ጎጇቸው አስተኝቻቸው፣ መሰላል አመጣሁ። እሁድ ነው፣ ግቢው ጭር ብሏል። አዲስ ኬብል ዘረጋሁ፣ ከራሴ ኪስ። ፌስታሎቹን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። ሲመሽ ማሽኑን አስነሥቼ፣ ቡትሴን አውልቄ ላሜራውን ሞከርኩት። ብረት ብቻ ነበር፣ ቀዝቃዛ ብረት።

ከዚያ ያ መንገድ። በየጠዋቱ በአብነት በኩል፣ ጭቃውን እየዘለልን፣ ከታክሲ ረዳቱ ጩኸትና ከጋሪው መሐል ቀስ እያልን። ሆዳቸውን በእጃቸው ደግፈው ይሄዳሉ። ከአምስተኛው ቀን በኋላ እምብርታቸው ዙሪያ አብጦ ሽርጣቸውን ማሰር አቃታቸው። ነሐሴ ገብቶ የበቆሎ ጥብስ ወጥቶ ነበር፤ አንዱን ገዝቼ ለሁለት እሰብርና ግማሹን እሰጣቸዋለሁ፣ እሳቸውም ይቀበሉኛል። ብዙ አናወራም። አንዳንዴ ቆም ብለው ትንፋሽ ይወስዱና "ዛሬ እንዴት ነህ፣ ምን ታስባለህ?" ይሉኛል። "ምንም አባባ" እላለሁ። እንሄዳለን።

በመጨረሻው ቀን ከመርፌው ስንመለስ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

"መክት በሞተ ማግስት መሰላል ላይ ነበርክ" አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ የቡትሴን ክር ፈትቼ አሰርኩ።

"እኔ እኮ ዘበኛ ነኝ። እሁድም ዘበኛ ነኝ፣ ብታመምም ዘበኛ ነኝ። ፌስታሉን ኪስህ ስትከት አየሁህ።"

"ታዲያ እብድ እንዳልነበረ ካወቁ፣ ይህን ሁሉ መርፌ ለምን ተወጉ?" አልኩ። ለመጠየቅ የደፈርኩት ይህንን ነው፤ ይቅርታ እንኳ አልነበረም።

"ግማሹ ፍርሃት ነው፤ ነፍስ ትጣፍጣለች፣ ምናልባት ያልኩት ስህተት ቢሆንስ አልኩ። ግማሹ አንተን ስጠብቅ ነው። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል አልኩ። መንገዱ ሩቅ ነበር እኮ ልጄ፤ ለመናገር ይበቃ ነበር።"

"አሁን ልናገር አባባ። ለጋሽ ሽኩር ሄጄ ልናገር።"

"አሁንማ ቀድሜህ የተናገርኩት እኔ ነኝ" አሉና ደረጃውን ተደግፈው ተነሡ።

በማግስቱ አገሬ እገባለሁ ብለው ጨርቃቸውን ቋጠሩ። ለማንም ምንም አልተናገሩም። ግቢውን እየዞሩ ሁሉንም ጨበጡ፤ ጋሽ ሽኩርን፣ ፌሮውን ያነሣውን ሃምሳለቃን እንኳ መርቀው ጨበጡት። በመጨረሻ ወደ እኔ መጡ። እጄን ዘረጋሁ፣ ጨበጡኝ። ከዚያ ጥቅልላቸውን መሬት ላይ አኖሩና ወደ በርሜሉ ተመለሱ። በጆጉ ቀዱ። "አንድ" አሉ። ሁለት አሉ። ጎንበስ ብለው አፈር ዘገኑና መዳፋቸውን አሹ፣ አለቀለቁ፣ ሦስት አሉ።

ሃምሳለቃ እየሳቀ "አባባ፣ ምን ነካዎት? ውሻው ከሞተ እኮ ሁለት ሳምንት አለፈው!" አላቸው።

አልመለሱለትም። እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ቆሜ አብሬ ቆጠርኩ፤ እስከ ሰባት። እጃቸውን አራግፈው፣ ጥቅልላቸውን አንሥተው፣ ላሜራውን ተሻግረው ሄዱ።

መስከረም ላይ ጋሽ ሽኩር የአብነቱን ቁልፍ ሰጠኝ፤ ሰው ፊት "አማና ያለው ልጅ ነው" ብሎ። ተቀበልኩት። በዚያ ቁልፍ ሠርቼ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ይህን ቤት ሠራሁ። ቀጣኝ የምለው መከራ አልደረሰብኝም፤ ሰው እንደ ሥራው ያገኛል ሲባል ስሰማ ዝም እላለሁ። ጋሽ ሽኩር ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። አባባ ሰይድ የት እንደደረሱ አላውቅም፤ ለማወቅም አልሞከርኩም።

ሻዬን በረንዳ ላይ ትቼ ወደ ቤት ተመለስኩ። ናሆም አሁንም ጠረጴዛው ሥር ነው። እግሩን አየሁ፤ ባዶ ነው። እኛ ሁላችን ነጠላ ጫማ አድርገናል። ማድ ቤቱ ገና ተወልውሎ ወለሉ እርጥብ ነበር። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ካልሲዬን አወለቅሁ፣ ገብቼ የፍሪጁን እጀታ ያዝኩ። እስከ ክርኔ መታኝ።

በማግስቱ የመጣው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሶኬቱን ፈትቶ የሽቦውን ቅጥያ አወጣና ራሱን ነቀነቀ። "ይህንን የሠራው ማነው?" አለ። ቤተሰቡ ሁሉ ቆሟል። "እኔ ነኝ" አልኩ፤ ቤቱን ስሠራ መብራቱን ራሴ ነበር የዘረጋሁት። ማንም አልተቆጣኝም። ልጄ "ያጋጥማል አባዬ" አለችኝ። ሠራተኛውም ሳቀ። ለካ ይህን ያህል ቀላል ኖሯል።

ናሆምን ጎንበስ ብዬ "ልክ ነበርክ፣ ነበረ፣ አሁን የለም" አልኩት። ሰማኝ። አሁን ፍሪጁን እንደ ድሮው ይከፍታል፣ ሙዙን ይበላል። ታዲያ መጀመሪያ በገባበት ቀን እጄን ስዘረጋለት አልያዘኝም። ዞሮ የሴት አያቱን እጅ ይዞ ነው የገባው።